ሦስት ጉንጭ ጸበል

ጥሩብርሃንን ክፉ ሴት ናት የሚል ሰው ካለ አያውቃትም ማለት ነው። ክፉማ ብትሆን ነገሩ እንዲህ ባላቃጠላት። ያን ሥራ የሠራችው ባሏን ከመውደዷ የተነሣ ነው። ከመውደድ የሚመጣ ጥፋት ደግሞ ከክፋት ከሚመጣው ይልቅ አንጀት ይበላል፤ ማንን ይረግሙበታል?

ባሏ መምሬ ገብረ ኪዳን ከወረታ ዝቅ ብሎ ባለው ደብር የሚቀድሱ ድምፀ መልካም ካህን ናቸው። በሚያዝያ፣ የፎገራ ሜዳ ደርቆ ርብ ወንዝ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ በሆነበት ሰሞን፣ ከቀብር ሲመለሱ ውሃ ጠማቸውና ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ። የፎገራ ሰው ለከብቱ የሚጠነቀቀውን ያህል ለራሱ አይጠነቀቅም። በሬው ኩሬ ላይ አፉን ሲደፋ አልቅት እንዳይይዘው በዱላ የሚመልስ ሰው፣ እሱ ሲጠማው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል። መምሬም እንዲያው አደረጉ።

ሳምንት ሳይሞላ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸው ጀመር። ቀጥሎ ደም ተፉ። ቅዳሴ መሐል ድምፃቸው ተቆርጦ ዲያቆኑ ግራ ገባው። ምእመናኑ ገሚሱ የሳንባ በሽታ ነው፣ ገሚሱ ዓይን ነው ሲል ነገሩን የለየው ጎረቤታቸው አዛናው ነው። አዛናው በዚያ አገር የታወቀ የከብት መድኃኒት አዋቂ ነው። መምሬን አፋቸውን አስከፍቶ ወደ ፀሐይ አዞራቸውና ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

"አልቅት ነው፣ መምሬ። ግን ወርዷል። በጣት አይደረስበትም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"በሬ ቢሆኑማ ትምባሆ ዘፍዝፌ በአፍንጫዎ አፈስልዎ ነበር። አልቅት ትምባሆ ሲነካው አይቆይም፣ ይለቃል።"

መምሬ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ሥጋ ወደሙ በሚወርድበት ጉሮሮ ትምባሆ? ሁለተኛ እንዳትደግመው፣ አዛናው።" በዚያ አገር ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደርስም፤ የሚጠጣውማ ተሰምቶም አይታወቅ። አዛናው አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም ጎንደር ያለው ፈረንጅ ሐኪም በጉሮሮ ብርሃን አስገብቶ ያያል መባሉን ሰምተው ኖሮ፣ ወደዚያው ሊሄዱ ቆረጡ።

ጥሩብርሃን ግን የአዛናውን ቃል በልቧ ይዛዋለች። በሚሄዱበት ዋዜማ ወደ ደጁ ብቅ ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "ያን የከብቱን መድኃኒት ትንሽ ስጠኝ" አለችው። አዛናው ሞኝ አይደለም። ቤት ገብቶ ጥቁር ውሃ የያዘች ብልቃጥ አመጣና፣ "ለበሬያችሁ ነው የሰጠሁሽ" አላት። ሁለቱም በሬዎቻቸው ደኅና እንደነበሩ እሱም እሷም ያውቁታል። እሷም ብልቃጧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ያኔ ልትሰጣቸው አልቆረጠችም፤ ምናልባት ቢቸግር ብላ ነው። ብዙ ጥፋት የሚጀምረው እንዲህ ምናልባት እየተባለ ነው።

የጣራ ገዳም ጸበል በቅል ይዘው፣ ከወረታ በእህል ጫኝ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጎንደር ገቡ። ፈረንጁ ሐኪም መምሬን አየና ከጎኑ ላለው ረዳቱ ድሬሰር ብዙ ነገር ተናገረ። ድሬሰሩ ካሴ ይባላል፤ የጎንደር ልጅ ነው፣ ሰው አክባሪ። ባልና ሚስቱን አስቀምጦ ነገሩን እየቆራረጠ አስረዳቸው።

"ነገ ጠዋት አባታችን በመርፌ ይተኛሉ። እንቅልፍ ሲወስድዎ ሐኪሙ ብርሃን ያለው የብረት ቧንቧ በአፍዎ አስገብቶ፣ አልቅቱን በመቆንጠጫ ይይዘዋል። እስከዚያ እህል ውሃ እንዳይቀምሱ። ሲነጋ ይህችን አንዲት ኪኒን ብቻ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጡ፤ ልብዎን ታረጋጋለች። ከዚህ ሌላ መድኃኒት አይሆንም። የሐበሻም ቢሆን አይሆንም።"

"ጾምን ለእኔ ትነግረኛለህ?" ብለው መምሬ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው ሳቁ። ካሴም ሳቀ። ጥሩብርሃን አልሳቀችም። እሷ ከሰማችው ሁሉ የያዘችው "ይተኛሉ" የሚለውን ነው። መተኛቱስ ይሁን፤ መንቃቱን ማን አየ? አጠገባቸው የነበረች አስታማሚ ደግሞ፣ አንድ የአጎቷ ልጅ በመርፌ ተኝቶ በዚያው መቅረቱን ማታውኑ አጫወተቻት። ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያቀብል ሰው አይጠፋም። ጥሩብርሃን ብረት በጉሮሯቸው ሲገባ፣ እሳቸው ሳይነቁ ሲቀሩ፣ ብቻዋን በባዶ መኪና ስትመለስ እየታያት ዓይኗን ሳትከድን ነጋ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላልና እሷም በፍርሃቷ መንገዱን ጠረገችለት።

ሲነጋ መምሬ ኪኒኗን በመዳፋቸው ይዘው፣ "ጸበሉን አምጪ" አሏት። "የሐኪም ቤት ውሃ ከምጠጣ በጣራ ገዳም ጸበል ልዋጣት።"

"እህል ውሃ እንዳይቀምሱ ብለዋል እኮ።"

"ጸበል እህል ውሃ ነው እንዴ? ጸበል ከመቼ ወዲህ ጾም ሲሽር አየሽ?"

ይህ እውነት ነው። እዚያ አገር ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ጠጣሁም አያሰኝ። ጥሩብርሃን ቅሉን ልታመጣ ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ነጠላዋን ፈታች። አልቅቱ መርፌው ሳይደርስ ቢለቅ፣ አስታውከው ቢተፉት፣ ብረቱም መርፌውም ይቀርላቸዋል። እሳቸውም የጣራ ገዳም ጸበል አዳነኝ ብለው ደስ ብሏቸው ይገባሉ። ማን ያውቃል? ብልቃጧን ወደ ቅሉ ስትገለብጥ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። የቀረው ግማሽ ግን ገባ። በተባረከ ውሃ ላይ ትምባሆ አፈሰሰች። ይህን ስታደርግ አላማተበችም፤ ማማተቡ ራሱ አስፈራት።

መምሬ አፍንጫቸው በደረቀ ደም ታፍኖ ስለነበር ሽታው አልደረሳቸውም። በስመ አብ ብለው አንዱን ጉንጭ ከኪኒኗ ጋር ዋጡ። ወወልድ ብለው ሁለተኛውን። ወመንፈስ ቅዱስ ብለው ሦስተኛውን። ካሴ አንድ ጉንጭ ብሎ ነበር፤ ግን ጸበል በሥላሴ ስም ነው የሚጠጣ፣ አንድ ጉንጭ ብሎ ነገር ካህን አያውቅም። ሦስተኛውን እንደዋጡ ፊታቸው ተኮማተረ።

"መረረኝ" አሉ።

"የኪኒኑ ይሆናል" አለች ፈጥና።

"ኪኒኑን በመጀመሪያው ውጬዋለሁ።" ቅሉን መለሱላት።

ከዚያ በኋላ በሐኪሙ ክፍል ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር። ጥቂት እንደቆዩ የመምሬ ግንባር ላብ አወጣ። ከንፈራቸው ነጣ። መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙና፣

"ጥሩብርሃን፣ ማየ ዘለፋን ታውቂያለሽ?" አሏት።

የካህን ሚስት እንዴት አታውቅ? በኦሪት ዘመን የተጠረጠረን ሰው ካህኑ የሚያጠጣው ውሃ ነው። ንጹሑን ምንም አይለውም፤ በደለኛውን ሆዱን ይቆርጠዋል።

"ጸበሉ ትናንት ስቀምሰው እንደ ወትሮው ነበር። ዛሬ መረረ። ሆዴንም ይቆርጠኛል። እግዜር ሳልተኛ ተናገር እያለኝ ነው።" ድምፃቸው ከመሻከሩ በላይ ተሰበረ። "ይፋግ ስማር፣ ዲያቆን ሳለሁ፣ ንግሥቲ የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። አንቺን ሳላገባ ከእሷ ጋር ወድቄያለሁ። ይህን ደብቄ ነው ክህነት የተቀበልኩት። ይህን ሁሉ ዘመን በፈራሽ ክህነት ቀድሻለሁ፣ አቁርቤያለሁ። አንቺንም ንጹሕ ነኝ ብዬ በቁርባን አገባሁሽ።"

ውሃው የመረረው በእርስዎ ኃጢአት አይደለም፣ በእኔ ነው የሚለው ቃል በጥሩብርሃን ምላስ ላይ ደርሷል። ያንን ብትናገር ግን ሰውየው ሆዱን ገልብጦ ያፈሰሰው በከንቱ ነው ማለት ነው። እንዴት ብላ ዓይናቸውን ታያለች? ደግሞስ ንግሥቲ ማን ናት? የት ትኖራለች? አንዱን ሳትጨርስ ሌላው እየመጣባት ሳለ ካሴ በሩን ከፍቶ ወጣ።

"አባታችን፣ ምነው ላብ በላብ ሆኑ?"

"ፍርሃት ነው፣ ልጄ" አሉ መምሬ።

"ከኪኒኗ ሌላ የወሰዱት አለ?"

"ጸበል ብቻ። ሦስት ጉንጭ።"

ካሴ ግንባሩን ቋጠረ። "አንድ ነበር ያልነው። ይሁን። ሌላ መድኃኒትስ?" ይህን ሲጠይቅ ያየው እሷን ነው።

"ምንም" አለች ጥሩብርሃን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መምሬን ደግፎ አስገባቸው። በሩ ተዘጋ። እሷ አግዳሚው ላይ ቀረች። ብትናገር ባሏ ይሰማል፣ ፈረንጁ ይሰማል፤ ነገ ደግሞ ወረታ ይሰማል። የመምሬ ሚስት በጸበል ትምባሆ ቀላቅላ ካህን አጠጣች ይባላል። ዝም ብትል ምናልባት ተኝተው ይነቃሉ፣ አልቅቱም ይወጣል፣ ማንም ሳያውቅ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የባሰ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከደረቷ ሥር አንድ ቁጣ ተነሣባት። ንግሥቲ የሚለው ስም እየተመላለሰ ወጋት። በዚያ ቁጣ መሐል፣ ይተኛ እስቲ፣ የሚል ድምፅ ሰማች። የራሷ ድምፅ ነው። ልታባርረው ስትችል ለአንድ አፍታ አብራው ተቀመጠች። ትምባሆውን በፍርሃት ነው ያፈሰስኩት ብላ ነፍሷን ታጽናና ነበር፤ ለዚያች አፍታ ግን ማጽናኛ አላገኘችላትም፣ እስከ ዛሬም አላገኘችላት።

በበሩ በኩል የመምሬ ድምፅ ተሰማት። አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። መሐሉ ላይ ምላሳቸው ተያዘ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ እንደገና ተያዘባቸው። ይህን ጸሎት ተኝተው እንኳ የማይስቱት ሰው ናቸው። ጥሩብርሃን ተነሣች። በሩን ሳታንኳኳ በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

መምሬ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል። ክንዳቸው በጎማ ታስሯል። መርፌው በሐኪሙ እጅ ነው።

"እንዳትወጉት" አለች፤ አንቱታውም ጠፋባት። "ትምባሆ አጠጥቼዋለሁ። ጸበሉ ውስጥ አድርጌ ትምባሆ አጠጥቼዋለሁ።"

ካሴ ለፈረንጁ ተረጎመለት። ፈረንጁ መርፌውን አስቀምጦ ጎማውን ፈታ፤ እጃቸውን ይዞ የልባቸውን ትርታ ያዳምጥ ጀመር። መምሬ ራሳቸውን ወደ እሷ አዞሩ። አልተቆጡም። ያዩዋት ሰው የማያውቀውን ሰው በሚያይበት ዓይን ነው። ወዲያው ሆዳቸው ተገለበጠና ያስታውኩ ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንጀታቸው እስኪወጣ። ካሴ በጎን አድርጎ ያዛቸው። እሷን ማንም ውጪ አላላትም፣ ማንም ቅረቢም አላላትም።

ኋላ እሷ ወደ አግዳሚው ተመልሳ ሳለ ካሴ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን ደብቀሽ ልትገድያቸው ነበር። ተኝተው ቢሆን ያ ሁሉ ትውከት ወደ ሳንባቸው ነበር የሚገባ። ሰው ተኝቶ መትፋት አይችልም እኮ። እህል ውሃ አይቅመሱ የምንለው ለዚህ ነው።"

"አልቅቱስ? ወጣ?" አለች ቀስ ብላ።

"አልቅቱማ ምን ተዳው" አለ ካሴ። "እንደተቀመጠ ነው።"

ሐኪሙ ሰውነታቸው እስኪረጋ ጥቂት ቀን አቆያቸው። ከዚያ በአንዲት ጉንጭ የሐኪም ቤት ውሃ ኪኒናቸውን ውጠው ገቡ። ውሃውን ያቀረበላቸው ካሴ ነው፤ ጥሩብርሃን ቀና ብላ አላየችም። ተኙ፣ ነቁም። አልቅቱ ጣት አክሎ በጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ታየ። ያ ሁሉ የፈራችው ነገር፣ መርፌውም ብረቱም፣ አንድ ቅዳሴ ያህል እንኳ ሳይቆይ አለቀ።

ሲመለሱ መኪናው የጨው ጆንያ ጭኖ ነበር። አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርሱ፣ ጣራ ገዳም ከተራራው ላይ ብቅ ሲል መምሬ አማተቡ፤ ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ያን ጠዋት የነገርኩሽን ተዪው" አሉ። "ትምባሆው ነው ያናገረኝ።"

ጥሩብርሃን እሺ ልትል ፈለገች። እሺ ብትል ሁለቱም ዕዳቸውን ቀብረው፣ እሳቸው መቅደስ እሷም ጓዳ ይገቡ ነበር። በባሏ ሕይወት የቀለደች ሴት ለመፍረድ ምን አፍ አላት? ግን ደግሞ እንደ ንጹሕ ሆነው ሲቀድሱ እያየች መቁረብን አሰበችውና አልሆነላትም።

"ትምባሆ ያስታውካል እንጂ አያናግርም፣ መምሬ። እኔ የእኔን በፈረንጅ ፊት ተናግሬያለሁ። የእርስዎን እርስዎ ያውቃሉ።"

ይፋግ ሲደርሱ ሾፌሩ ለገበያ ሰው ቆመ። መምሬ ጥምጥማቸውን እስከ ዓይናቸው ዝቅ አድርገው፣ ሰውም ተሳፍሮ መኪናው እስኪነሣ ጆንያውን ሲያዩ ቆዩ።

እሑድ ደወል ሲደወል ለብሰው ተነሡ። ደጃፉ ላይ ቆዩና መቋሚያቸውን ይዘው መንገዱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ወደ ላይ ወደ ወረታ አቀኑ።

"ወዴት ነው?"

"ጣራ ገዳም። የነፍስ አባቴ እዚያ ናቸው።"

"ሰው ሲጠይቅ ምን ልበል?"

መምሬ ዓይናቸው እንባ እንደያዘ ሄዱ።

ሰውማ ጠየቀ። ከቅዳሴ መልስ የደብሩ ሽማግሌ አቶ አያልነህ ከነ ምእመናኑ መጡ። "መምሬ ድነው ገቡ አልተባለም? ምነው ሳይቀድሱ ቀሩ?" አሉ። ጥሩብርሃን አፏ ውስጥ ሁለት እውነት ነበር። አንዱን ዋጠችው።

"እኔ ነኝ" አለች። "ጎንደር ሳለን በጸበል ውስጥ ትምባሆ ቀላቅዬ አጠጣኋቸው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ፤ አቶ አያልነህም ያቀረበችላቸውን ጠላ ሳይነኩት ተነሡ።

መምሬ ሰኔ ሲገባ ያለ ጥምጥም፣ ያለ መስቀል ተመለሱ። ዛሬ ያርሳሉ፤ ማታ ማታ ለመንደሩ ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ። የመንደሩ ሰው የካህኑን ክህነት ሚስቱ አፈረሰችው ይላል። መምሬ ይህን ሲባል ይሰማሉ፣ ዝም ይላሉ። እሷም ዝም በማለታቸው አልተቀየመቻቸውም። ይተኛ ያለችባትን ያችን አፍታ እሳቸው አያውቁም፤ ስለዚህ ዕዳው ገና የእሷ ነው የሚመስላት።

በዚያ አገር መጠጥ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ለማለት የቆየ ልማድ ነው። ለካህን ሚስት ሲሆን ይቀርላት ነበር። "ኧረ ተዪው፣ የመምሬ ሚስት" ይሏታል፣ ሳትቀምስ ይቀበሏታል። አሁን ተዪው የሚላት የለም። በማኅበርም በሠርግም እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን እያዩ ይጠብቃሉ። እሷም ትቀምሳለች፣ ታቀርባለች።

መምሬ ብቻ ከእርሻ ሲገቡ፣ ልትቀምስ መዳፏን ስትዘረጋ፣ ቅሉን ከእጇ ወስደው ሳያስቀምሷት ይጠጣሉ። የሌላውን ሁሉ ችላዋለች። እሳቸው ሲጠጡ ግን ፊቷን ታዞራለች።